ጥንቃቄ የሚመስሉ ስህተቶች፦ የነርስ ተማሪዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግዴለሽ ተማሪን ማረም ይቀላል፤ ጥፋቱ ይታያል። የሚያስቸግረው ጥንቃቄ የሚመስለው ስህተት ነው። የሠራው ተማሪ ራሱ ደግ እንደሠራ ስለሚያምን፣ ተመርቆም ይዞት ይሄዳል።

«ጓንት ካደረግሁ እጄን መታጠብ አያስፈልገኝም»

ጓንት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ሲወልቅም የውጭ ገጹ እጅን ይነካል። ይህን ከመናገር ማሳየት ይሻላል። ተማሪዎቹ ጓንት ለብሰው መዳፋቸውን ቀለም ይቀቡና እንደ ልማዳቸው ያውልቁ። ብዙ ጊዜ ቀለሙ አንጓቸው ላይ ይገኛል፤ ጓንቱን በአንገቱ ይዘው የሚጎትቱት እዚያ ነውና።

ሌላው ጥያቄ ጓንቱ ማንን እየጠበቀ ነው የሚለው ነው። ተማሪው የሽንት ከረጢት ባዶ አድርጎ፣ በዚያው ጓንት የአልጋውን ብረት ይዞ፣ የግሉኮሱን ጠብታ አስተካክሎ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሲያልፍ የእሱ እጅ ደህና ነው። ከረጢቱ ላይ የነበረው ግን ሁለተኛው ታካሚ ዘንድ ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸውን 5 ጊዜያት ለይቷል፦ ታካሚውን ከመንካት በፊት፣ እንደ መርፌና ቁስል ማሸግ ያለ ንጹሕ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ለሰውነት ፈሳሽ ከተጋለጡ በኋላ፣ ታካሚውን ከነኩ በኋላ፣ በታካሚው ዙሪያ ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ። ጓንት አንዱንም አያስቀርም። የሚረሳው አምስተኛው ነው፤ ታካሚውን ሳይነኩ ኮመዲኖውን ብቻ ነክቶ መውጣት ንክኪ አይመስልም።

«ሳኒታይዘር ሁልጊዜ ሳሙናን ይተካል»

እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ ይተካል፤ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ማሸት ይበቃል። ደም ወይም ሌላ ፈሳሽ ሲነካ፣ እንዲሁም ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚያስከትለው ተቅማጥ ያለበት ታካሚ ሲነካ ግን ሳሙናና ውኃ ነው፤ የዚህን ባክቴሪያ ስፖር (በጠንካራ ሽፋን የተጠበቀ ቅርጹን) አልኮል አይገድለውም። በሳሙና ሲሆን ጠቅላላው ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይፈጃል።

«መርፌውን ከቀየርኩ ሲሪንጁን ደግሜ ብጠቀምበት ችግር የለውም»

አደገኛ ነው። መርፌው ሲወጣ ወይም ከሲሪንጁ ሲነቀል ዓይን የማያየው ደም ወደ ሲሪንጁ ሊሳብ ይችላል። ያ ሲሪንጅ አዲስ መርፌ ተገጥሞለት ለብዙ ሰው የሚያገለግል ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ የሚበከለው ብልቃጡ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ ሲሪንጅ ይዞ የመጣው ጠንቃቃ ነርስ እንኳ ለታካሚው የሚሰጠው የተበከለ መድኃኒት ነው። ለአንድ ታካሚ፣ ለአንድ ጊዜ፣ አንድ መርፌና አንድ ሲሪንጅ።

«አምስቱን ትክክሎች በቃሌ ስለማውቅ አልሳሳትም»

መድኃኒት ሲሰጥ የሚረጋገጡት አምስቱ እነዚህ ናቸው፦ ትክክለኛ ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ የመስጫ መንገድ፣ ሰዓት። እነዚህ የት መድረስ እንዳለብን እንጂ እንዴት እንደምንደርስ አይናገሩም። «አቶ እገሌ ነዎት?» ተብሎ የተጠየቀ ያንቀላፋ ወይም ጆሮው የከበደ ሰው ራሱን ነቅንቆ እሺ ይላል። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» ይባል፤ ከዚያ ስሙም የካርድ ቁጥሩም ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር ይመሳከር። የአልጋ ቁጥር መለያ አይሆንም፤ ታካሚ አልጋ ይቀይራል።

መጠን ላይ አንድ ነጥብ ሰው ትጎዳለች። «1.0» ነጥቡ ካልታየ 10 ይሆናል፤ «.5» ደግሞ 5። ስለዚህ 1 እና 0.5 ተብሎ ይጻፋል። ኢንሱሊን ሲታዘዝም ዩኒት የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ከተጻፈ ዜሮ ይመስላል፤ 10 ዩኒት 100 ተብሎ ይነበባል። ቃሉ በሙሉ ይጻፍ።

የጠብታ ስሌትም እንዲሁ ነው። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በደም ሥር በ8 ሰዓት እንዲገባ ከታዘዘና ስብስቡ (ፈሳሹ የሚንጠባጠብበት ቱቦ) በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ፣ 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። ተማሪው ይህን ቁጥር ሸምድዶ በሚሊ ሊትር 60 ጠብታ በሚሰጠው የሕፃናት ስብስብ ላይ ቢጠቀምበት፣ ፈሳሹ በ8 ሰዓት ፋንታ ወደ 24 ሰዓት ይወስዳል። ቁጥሩ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ከመጣሉ በፊት ይነበብ።

«ሁለት ነርስ ከፈረመበት ትክክል ነው»

ሁለተኛው ነርስ የመድኃኒቱን መጠን ለብቻው ካላሰላው ፊርማው ቀለም ብቻ ነው። ትእዛዙ ጀንታማይሲን 60 ሚሊ ግራም፣ አምፑሉ 80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ነው እንበል። «1.8 ነው አይደል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው 1.8ን ይዞ ያስባል፤ አዎ ማለትም ይቀለዋል። ትእዛዙና አምፑሉ ብቻ ተሰጥቶት ቢያሰላ ግን 60 ለ80 ተካፍሎ በ2 ሲባዛ 1.5 ሚሊ ሊትር ያገኛል። ተማሪዎችን ስታለማምዱ መልሱን ወረቀት ላይ አስጽፋችሁ እኩል አስገልብጡ።

«የተጠቀምኩበትን መርፌ መክደን ሌላውን ከመወጋት ያድናል»

ብዙ ጊዜ የሚወጋው ራሱ የሚከድነው ሰው ነው፤ ክዳኑን የያዘው እጅ መርፌው ፊት ለፊት ነዋ። ሴፍቲ ቦክሱ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን) እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ። የግድ መክደን ካስፈለገ ክዳኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በአንድ እጅ በመርፌው ይጠለፍ።

ከተወጋም ቦታውን በሳሙናና ውኃ ማጠብ ነው፤ መጭመቅም በረኪና ማፍሰስም የለም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ካስፈለገ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል፤ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ብዙ ተማሪ የሚፈራው ኤችአይቪን ነው። ነገር ግን ኤችአይቪ ካለበት ሰው በመርፌ የመያዝ ዕድል 0.3 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ላልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ክትባቱ ዋርድ ከመግባት በፊት መጠናቀቅ ያለበት ለዚህ ነው።

«ታካሚው ካልተጎዳ ማሳወቅ አያስፈልግም»

ተማሪው ሲሪንጁን ሞልቶ፣ አልጋው ጋ ሲደርስ የተሳሳተ መድኃኒት መያዙን ቢያውቅ ይህ ሪፖርት የሚደረግ ነው። ቅጹ ላይ «ባለመጠንቀቅ» ብሎ መጻፍ ምንም አያስተምርም። ሁለቱ ብልቃጦች ተመሳሳይ ክዳን ነበራቸው፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ፣ መድኃኒቱ የተቀዳው ተረኛዋ ነርስ ስልክ እያነጋገረች ሳለ ነው፤ እንዲህ ከተጻፈ ብልቃጦቹን ነገ ጠዋት መለያየት ይቻላል።