«የዛሬ ዝናብ የነገ ውስኪ ነው»፦ የስኮትላንዶች አባባልና ትርጓሜው

ስኮትላንድ ውስጥ ሰማዩ ለቀናት አልገለጥ ሲል የሚነገር አባባል አለ፦ «የዛሬ ዝናብ የነገ ውስኪ ነው።» ላይ ላዩን ማጽናኛ ነው፤ አይዞህ፣ ይህ ያስመረረህ ዝናብ ውሎ አድሮ ይክስሃል እንደ ማለት። ብዙው ሰው ትርጉሙን እዚሁ ላይ ይተወዋል። እኔ ግን አባባሉ ቃል በቃል እውነት ነው እላለሁ፤ በተለይ ጭሱ ለስለስ ያለ ሲንግል ሞልት (በአንድ መጥመቂያ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ውስኪ) ለቀመሰ ሰው።

ከቃሉ እንጀምር። «ውስኪ» የመጣው «ኡሽከ ባሃ» ከሚለው የጌሊክ (የስኮትላንድ ነባር ቋንቋ) ሐረግ ነው፤ «የሕይወት ውሃ» ማለት ነው። «ሕይወት» የሚለው ተቆርጦ ወደቀና «ውሃ» ብቻ ቀረ። በዚያው ቋንቋ ደግሞ «ኡሽከ» ዝናብም ነው። ዘነበ ለማለት የሚጠሩት ይህንኑ ቃል ነው። ዝናብና ውስኪ በስምም ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው።

ዝናቡ ወደ መጠጡ የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ግልጽ ነው፦ ገብሱን ነክሮ ለማብቀልም ለመጥመቅም ውሃ ያስፈልጋል። ሁለተኛው በረግረጉ በኩል ነው፤ እኔን የሚማርከኝ ይሄኛው ነው። ዝናብ የማያጣው መሬት ውሃ ስለሚያቁር አየር ያጥረዋል፤ የሞተው ዕፅዋት በወጉ ሳይበሰብስ በላይ በላዩ ይደራረባል። በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ በሺህ ዓመት አንድ ሜትር። ፒት ይሉታል። እንደ ጡብ ተቆርጦ፣ እንደ ኩበት ነፋስ ላይ ደርቆ ይነዳል። ዛፍ በማይበዛባቸው ደሴቶች የምድጃው እሳት እሱ ነበር፤ እርጥቡ ብቅልም በጭሱ ይደርቅ ነበር። የጠላ እንስራ በወይራ ሲታጠን ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እኛ ዕቃውን እናጥናለን፣ እነሱ ብቅሉን።

የጭሱ ኃይል የሚለካው ብቅሉ በያዘው ፌኖል፣ ማለትም ከጭሱ በሚቀስመው ውህድ፣ መጠን ነው። አርድቤግ የተባለው የስኮትላንድ አይላ ደሴት ውስኪ ብቅል ከሚሊዮን 55 ያህል እጅ ሲሆን፣ ስፕሪንግባንክ የተባለው የካምቤልታውን ከተማ ውስኪ ብቅል ከ12 እስከ 15 ነው። የበረታውን የሚወዱ አሉ፤ አልነቅፋቸውም። እኔ ለስላሳውን የምመርጠው ብቅሉም በርሜሉም ጭሱም ሳይሸፋፈኑ ስለሚሰሙኝ ነው።

ከስኮትላንድ ሰሜን፣ ከኦርክኒ ደሴቶች የሚመጣውን ሃይላንድ ፓርክ የተባለ ውስኪ፣ ባለ 12 ዓመቱን፣ እንውሰድ፤ ታሪኩን እ.ኤ.አ. ከ1798 ይቆጥራል። የኦርክኒ ነፋስ ዛፍ አያስበቅልም፤ ፒቱ በአብዛኛው ሄዘር ከሚባለው ሐምራዊ አበባ ካለው ቁጥቋጦ የተሠራ ነው። ጭሱም አበባ አበባ ይላል። አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ትንሽ ቅዱ። አፍንጫችሁን አትንከሩ፤ ከንፈራችሁን ገርበብ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አሽትቱ። መጀመሪያ ማር፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ ይመጣል። ጭሱ ወደ ኋላ ቀርቶ ይቆያል፤ ትናንት እሳት ዳር ያመሸ ጋቢ ጠረን ነው።

አሁን በማንኪያ ጫፍ ጥቂት ውሃ ጨምሩበት። መጠጡን ማበላሸት የሚመስለው ሰው አለ፤ ተሳስቷል። ለጭስ ጣዕም ከሚሰጡት ውህዶች አንዱ ጉዋያኮል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር ስሌት እንዳሳዩት፣ አልኮሉ ሲቀጥን ጉዋያኮል ወደ ፈሳሹ ገጽ ይወጣል፤ ማለትም ወደ አፍንጫችን ይቀርባል። ረግረጉ ያቆየውን ጭስ መልሶ የሚቀሰቅሰው ያው ውሃ ነው።

«ነገ» የሚለው ቃል ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሕጉ መጠጡ በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ካልቆየ ስኮች (የስኮትላንድ ውስኪ) ተብሎ እንዲጠራ አይፈቅድም፤ አሁን የቀመስነው 12 ዓመት ተቀምጧል። የፒቱን ዕድሜ ከቆጠርነውማ፣ የዚህ ውስኪ ዝናብ መዝነብ የጀመረው ገና መጥመቂያው ሳይኖር ነው።

ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ብርጭቆውን ሳታጥቡት አሳድሩት። ጠዋት አንስታችሁ ስታሸቱት ማሩም ብርቱካኑም የለም፤ ዝናብ የነካው አመድ ይሸታል።