«የውሸት ምጥ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር «ሆዴ እየመጣ ይጠነክራል፣ ወገቤንም ይዞኛል» ስትል፣ «የውሸት ምጥ ነው፤ የእውነት ቢሆንማ ትጮሂ ነበር። አረፍ በይ፣ ያልፋል» ሲሏት ሰማሁ። ይህን ምክር ስንቴ እንደሰማሁት! እንዲያው ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

የውሸት ምጥ በእርግጥ አለ። ማህፀን አልፎ አልፎ፣ ያለ ሥርዓት ይኮማተራል። ብዙ ጊዜም ውሃ ሲጠጣ ወይም ጎን ሲቀየር ይተዋል። ስህተቱ በህመሙ ብርታት ልለይ ማለት ነው።

ማህፀንን አፉ እንደታሰረ ከረጢት አስቡት። ማሰሪያው የማህፀን በር ነው። ከረጢቱ ቢጨመቅ ቢጨመቅ፣ ማሰሪያው እስካልላላ ድረስ የውሸት ምጥ ነው። ጭመቃው ማሰሪያውን ማላላት ከጀመረ ግን፣ ህመሙ ቀላል ቢሆንም ምጥ ነው። ከ37 ሳምንት በፊት ከሆነ ደግሞ ያለጊዜው የመጣ ምጥ ነው። ማሰሪያው ከውጭ አይታይም። እኔም ብሆን በስልክ ልነግርሽ አልችልም፤ መመርመር አለብሽ። (ያለ ምንም ጭመቃ ማሰሪያው የሚላላባቸው ሴቶችም አሉ። እንግዴ ልጁ የማህፀን በሩን ሸፍኖ ከሆነ ደግሞ በእጅ መመርመር አደጋ አለው፤ አልትራሳውንድ ይቀድማል።)

ያለጊዜው የሚመጣ ምጥ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያስጮህም። የወር አበባ ቁርጠት ይመስላል። ወገብን ያዝ ለቀቅ ያደርጋል፣ ወደ ታች ይጫናል፣ የብልት ፈሳሽሽም ሊለወጥ ይችላል።

እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። ዘና ያለ ማህፀን እንደ ጉንጭ ይለሰልሳል፤ ሲኮማተር እንደ ግንባር ይጠነክራል። አንዱ ከጀመረበት ሌላው እስኪጀምር ያለውን ደቂቃ ያዢ። በየ10 ደቂቃው ወይም ከዚያ ቶሎ ቶሎ ከተመላለሰ ተነሺና ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ደም ካየሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ መቁጠሩም ይቅርብሽ፤ ወዲያው ሂጂ።

«የውሸት ሆኖ ቢገኝስ?» ይላሉ። ትመለሻለሽ፤ እሰየው ነው! የሚመለሱት ብዙ ናቸው፣ ከመሃላቸውም አብዛኞቹ ጊዜያቸው ደርሶ ይወልዳሉ።

«የእውነት ከሆነስ ማን ያቆመዋል?» የሚልም አለ። እውነት ነው፣ ምጥ የሚያዘገዩት መድኃኒቶች ብዙውን ጊዜ የሚገዙልን 48 ሰዓት ያህል ነው። ግን እነዚያ 2 ቀናት ብዙ ነገር ይሠራባቸዋል። ለእናቲቱ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ የልጁን ሳንባ እንዲጎለብት ይረዳል። ለምሳሌ ቤታሜታዞን በ24 ሰዓት ልዩነት 2 ጊዜ ይወጋል፤ ለመሥራትም ጊዜ ይፈልጋል። «አረፍ በይ» የሚለው ምክር የሚወስድባት ይህንኑ ሰዓት ነው። አልጋ ላይ መዋል ያለጊዜው መውለድን እንደሚያስቀር አልተረጋገጠም፤ ሲረዝም ደግሞ ለደም መርጋት ያጋልጣል።

ስትደርሺ ስንተኛ ሳምንትሽ እንደሆነና በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣብሽ ንገሪያቸው። «ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል» ብለሽ አትጀምሪ።