ማነጻጸሪያ ቡድን ምንድን ነው?

«ካስጠናናቸው ተማሪዎች አብዛኞቹ ኮሌጅ ገቡ።» የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ለከፍተኛ ትምህርት የሚያዘጋጁ ፕሮግራሞች ሪፖርት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይላል። እነዚሁ ልጆች ፕሮግራሙን ባያገኙ ኖሮስ ስንቶቹ ይገቡ ነበር? ቅዳሜ ጠዋት ለማጠናከሪያ ትምህርት የሚመጣ ልጅ ድሮውንም ለትምህርት የሚጓጓ፣ ወይም «ተነስ!» የሚል ወላጅ ያለው ነው። ካልመጣው የሰፈሩ ልጅ ቢበልጥ አይገርምም፤ ብልጫው የፕሮግራሙ ነው ለማለት ግን አያስደፍርም።

ስለዚህ ፕሮግራሙን ካለማግኘታቸው በቀር በሌላው ሁሉ የሚመሳሰሉ ልጆች ያስፈልጋሉ። ማነጻጸሪያ ቡድን የሚባሉት እነሱ ናቸው። አስተማማኙ መንገድ ከአመልካቾች መካከል በዕጣ መለየት ነው፤ ዲቪ የደረሰውንና ያልደረሰውን የሚለያቸው ዕድል ብቻ እንደሆነው ማለት ነው።

የታወቀው ምሳሌ አፕዋርድ ባውንድ ነው። በ1965 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተጀመረው ይህ የአሜሪካ ፌዴራል ፕሮግራም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያስጠናል፣ ያማክራል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ለሳምንታት ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ያስተምራቸዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በ67 ፕሮጀክቶች 2,800 ገደማ አመልካቾች በዕጣ ተለዩ። በ2009 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ግን ደጋፊዎቹን አስደነገጠ፤ ዕጣው ከደረሳቸውም ካልደረሳቸውም ከ100 ተማሪ 80 ገደማው ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ትምህርቱን ቀጥሏል። ልዩነት የታየው በሙያ ሰርተፊኬት ነው፤ ዕጣው ከደረሳቸው 9 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 4 በመቶ አገኙ።

ታዲያ ፕሮግራሙ ከንቱ ነው? ለመፍረድ አንቸኩል። ዕጣ ያልደረሳቸው ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ድጋፍ አግኝተዋል። በዚያ ላይ በናሙናው ስሌት አንድ ፕሮጀክት ብቻውን የጠቅላላውን ክብደት 26 በመቶ ይዞ ነበር። እሱን አውጥተው እንደገና ያሰሉ ተመራማሪዎች ጉልህ ጥቅም አግኝተዋል። ክርክሩ አልተዘጋም፤ እኔም ቢሆን ያን ያህል በአንድ ፕሮጀክት ላይ የተንጠለጠለ አማካይ አያሳምነኝም።

ሌላው ቅሬታ ከቁጥር ውጭ ነው። ድጋፍ በሚያስፈልገው ልጅ ላይ ለጥናት ሲባል በር ይዘጋል? የአሜሪካ ኮንግረስ በ2008 ባወጣው ሕግ የትምህርት መሥሪያ ቤቱ የአፕዋርድ ባውንድ ፕሮጀክቶችን ተማሪ መልምላችሁ አገልግሎት ንፈጉ ብሎ እንዳያስገድድ ከልክሏል። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ቦታው 50፣ አመልካቹ 200 ከሆነ፣ 150ው ጥናት ኖረም አልኖረ መመለሱ አይቀርም። ያኔ «ማንን ታውቃለህ?» ከሚባል ዕጣ ማውጣቱ ይሻላል።

ዕጣ ከድጋፉ ውስጥ የትኛው ክፍል እንደሠራም ያሳያል። አሜሪካ ያሉ ሐበሻ ወላጆች ፋፍሳን፣ ያንን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ፣ በደንብ ያውቁታል። በኦሃዮና በሰሜን ካሮላይና ታክስ ለማሠራት ኤችኤንድአር ብሎክ የገቡ ቤተሰቦች በዕጣ ተለዩ፤ አንዳንዶቹን ሠራተኛው እዚያው ቅጹን አስሞላቸው፤ ሌሎቹ ምን ያህል እርዳታ እንደሚያገኙ ብቻ ተነገራቸው፤ የቀሩት ሁለቱንም ሳያገኙ ማነጻጸሪያ ቡድን ሆኑ። ከማነጻጸሪያ ቡድኑ ልጆች 34 በመቶ ገደማው ኮሌጅ ሲገቡ፣ ቅጹ ከተሞላላቸው ቤተሰቦች ልጆች 42 በመቶ ገደማው ገቡ። መረጃ ብቻ ባገኙት ላይ ግን ለውጥ አልታየም።