የፋይል መገለጫ ካሽ ምንድን ነው?

ማንኛውም ፋይል ከይዘቱ ሌላ መጠን፣ ባለቤት፣ ፈቃድ እና መጨረሻ የተለወጠበት ሰዓት አለው፤ እነዚህ መገለጫዎቹ ናቸው። ፋይሉ በሌላ ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ፣ መገለጫው በተፈለገ ቁጥር ሰርቨሩን መጠየቅ ሥራን ስለሚያጓትት፣ የኔትወርክ ፋይል ሲስተም ድራይቨር (በሰርቨሩ ላይ ያሉትን ፋይሎች በራሳችን ኮምፒውተር ላይ እንዳሉ አድርጎ የሚያቀርበው ፕሮግራም) የመጣለትን መልስ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ዘንድ ይይዘዋል። የመገለጫ ካሽ የሚባለው ይህ ነው።

በሐዋሳ በምሠራበት ቢሮ ሁለት ኮምፒውተሮች በኤንኤፍኤስ (ፋይሎችን በኔትወርክ የማጋሪያ ሥርዓት) አንድ የሰርቨር ፎልደር ይጋራሉ። ባልደረባዬ በአንድ ፋይል ላይ መስመሮች ጨምራና ዘግታ «ጨርሻለሁ» ስትለኝ፣ በእኔ በኩል ያለው ዝርዝር የቀድሞውን 4,096 ባይት ያሳይ ነበር፤ ጥቂት ቆይቼ ደግሜ ሳየው ተስተካክሏል። ፋይሉም ሰርቨሩም ደኅና ነበሩ፤ ያረጀው የእኔ ድራይቨር የያዘው መልስ ነው። በሊኑክስ የኤንኤፍኤስ ክላየንት (ሰርቨሩን በሚጠይቀው ወገን)፣ ካልተቀየረ በቀር፣ የዚህ መልስ ዕድሜ ለመደበኛ ፋይል ከ3 እስከ 60 ሰከንድ፣ ለፎልደር ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ሲሆን፣ ፋይሉ ሳይለወጥ በቆየ መጠን ይረዝማል።

ከዕድሜው ይልቅ ድራይቨር ጸሐፊዎችን የሚፈትነው ግን የመልሶች ቅደም ተከተል ነው። አንድ ክላየንት መገለጫ ጠይቆ ወዲያው ጽሑፍ (በፋይሉ ላይ የሚጻፍ አዲስ ይዘት) ቢልክ፣ ሰርቨሩ ከጽሑፉ በፊት ያዘጋጀው የመገለጫ መልስ መንገድ ላይ ዘግይቶ ከጽሑፉ መልስ በኋላ ሊደርስ ይችላል። ድራይቨሩ መጨረሻ የደረሰውን ሁሉ ካመነ፣ ያደገው ፋይል ተመልሶ ያጠረ ይመስለዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ መቼ እንደተነሣ በተራ ቁጥር መዝግቦ፣ ካሹ ከታደሰበት በፊት የተነሣን ጥያቄ መልስ በጥርጣሬ ማየት አለበት። ገና ወደ ሰርቨሩ ያልተላከ ጽሑፍ በኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ውስጥ ካለም፣ የሰርቨሩን አነስተኛ መጠን በራሱ ላይ መጫን የለበትም።

ሌላው ችግር ሰዓት ነው፤ ሁለት ለውጦች በአንድ የሰዓት ምት ውስጥ ከተፈጸሙ የለውጥ ሰዓታቸው አንድ ይሆናል። የኤንኤፍኤስ 4ኛው ስሪት በዚህ ምክንያት ፋይሉ በተለወጠ ቁጥር የሚቀየር ባለ 64 ቢት የለውጥ ቁጥር አስገብቷል።

ካሹን ጨርሶ የሚያጠፋው «ኖኤሲ» የተባለው አማራጭ ጽሑፍን ሁሉ ሰርቨሩ እስኪያረጋግጥ ስለሚያስጠብቅ፣ እኔ ለተራ ቢሮ አልመክረውም። ድራይቨሩ ፋይል ሲከፈት ሰርቨሩን እንደገና ይጠይቃል፣ ሲዘጋም የተጻፈውን ይልካል፤ ዝርዝር ማየት ግን ፋይል መክፈት አይደለም። ከባልደረባዬ ጋር የተስማማነውም እሷ ፋይሉን ዘግታ እንድትነግረኝ፣ እኔም በዝርዝሩ ላይ ባለው መጠን ሳልተማመን ፋይሉን ከፍቼ እንዳነብ ነው።