ከእሳት እራቱ ስም ኋላ «አግ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የእሳት እራት ሪከርድ (የትኛው ዝርያ እንደታየ የሚመዘገብበት) ላይ ከሳይንሳዊ ስሙ ኋላ «አግ» የሚል ካያችሁ አግሪጌት ለማለት ነው፣ በቃ «ከሚመሳሰሉት አንዱ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን በማየት ብቻ አይለይም» እንደማለት። እኔ መጀመሪያ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

አክሮኒክታ ፕሲ እና አክሮኒክታ ትሪደንስ የሚባሉትን ሁለት የእሳት እራት ዝርያዎች እዩ። ሁለቱም ግራጫ፣ ሁለቱም ክንፋቸው ላይ ጩቤ የመሰለ ጥቁር ምልክት አላቸው። ስማቸው ራሱ ያስቃል፣ አንዱ የግሪኩ ፊደል ፕሲ ሌላው ባለ 3 ጣት መንሽ ማለት ነው፣ ቅርጹ ግን ያው አንድ ነው! ጠቆር ያለው ትሪደንስ ነው ምናምን የሚሏችሁን አትስሙ፣ ቀለማቸው ይቀራረባል፣ ሲያረጁ ደግሞ የክንፋቸው ብናኝ እየረገፈ ጭራሽ ይደበዝዛሉ፣ በእርግጠኝነት ለመለየት የሞተውን ሆዱን ከፍቶ የመራቢያ አካሉን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው።

የሚገርመው ግን አባጨጓሬ እያሉ በደንብ ይለያሉ፣ የፕሲው ጀርባው ላይ ወፍራም ቢጫ መስመርና ረዘም ያለ ጥቁር ጉብታ አለው፣ የትሪደንሱ ጉብታ አጭር ነው መስመሩም ብርቱካናማና ነጭ የተቀላቀለበት። ስለዚህ አባጨጓሬውን ካገኛችሁ ፎቶ አንሱት፣ ክንፍ ያወጣውን ብቻ ካገኛችሁ ግን «አግ» ብላችሁ ጻፉ።