«በደረቅ ጣጣ እርጥብ ይቃጠላል»፦ ትርጉሙ፣ መነሻውና በመጽሐፍ ቅዱስ ያለው ቦታ

አንዱ ባመጣው ጥፋት እጁ የሌለበት ሌላ ሰው ሲጎዳ «በደረቅ ጣጣ እርጥብ ይቃጠላል» ይባላል። ባሕር ዳር ላይ ሁለት ጎረምሶች ተጣልተው የተወረወረው ድንጋይ ገበያ የምትሄድ ሴት ሲመታ፣ አንድ ተማሪ አጥፍቶ ክፍሉ በሙሉ ሲቀጣ፣ ከአንድ ሱቅ የተነሳ እሳት ጎረቤቶቹን ይዞ ሲሄድ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው ይኸው ተረት ነው። ልቅሶ ቤትም ይነገራል። እዚያ ግን ክብደቱ ይለያል፤ ሐዘንተኛው «እርጥቡ ለምን?» የሚል ጥያቄ ይዞ ነውና የተቀመጠው።

ተረቱ አንድ መልክ ብቻ የለውም። «በደረቅ አበሳ እርጥብ ተቃጠለ» የሚሉ አሉ፤ «ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል» ሲባልም ይሰማል። ሦስቱ ቢመሳሰሉም «ጣጣ» እና «አበሳ» አንድ አይደሉም። ጣጣ መዘዝ ነው፤ ከአንድ ነገር ተጎትቶ የሚመጣ ችግር። አበሳ ግን ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። በግእዙ አቡነ ዘበሰማያት «አበሳነ» ስንል በደላችንን ማለታችን ነው። ሰፈር ውስጥ «አበሳዬን አየሁ» ስንል ደግሞ መከራዬን አየሁ ማለታችን ነው። በደልና መከራ በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጠዋል። ብዙ ሰው መከራ ያየን ሰው ወዲያው በደል የሚፈልግበት በዚህ መንገድ ይመስላል፤ ቋንቋችን ራሱ ሁለቱን አጣብቆ ይዟቸዋል። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ጉዳይ የሚሠራው ትልቁ ሥራ እነዚህን ሁለቱን መለያየት ነው።

«ደረቅ» የሚለውም ከእንጨት አልፎ ይሄዳል። «ደረቅ ሰው ነው» ሲባል ምክር የማይሰማ፣ የማያፍር፣ እምቢ ባይ ማለት ነው። እርጥብ ግን ሕይወት ያለው ነው። ተረቱ ሁለቱን ሰዎች አንድ ምድጃ ውስጥ አስገብቶ ያሳያል።

ምድጃውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። ሁለት ኪሎ የሚመዝን እርጥብ ፍልጥ አንድ ኪሎ ገደማ ውኃ ተሸክሞ ጉልቻ መካከል ይገባል። ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ እንጨቱ ከውኃ መፍያ ብዙ አልፎ አይግልም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላባት በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንጨት ነበልባል ለመያዝ ግን 250 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እርጥብ ለብቻው ክብሪት ቢጫርበት የማይነደው ለዚህ ነው። ከሥር ጭራሮ፣ በላዩ ሦስት ደረቅ ፍልጥ ተደርጎ ተያይዞ እርጥቡ ሲጋደምበት ግን ነገሩ ይለወጣል። የተቆረጠው ጫፉ መጀመሪያ ወዝ ያወጣል፤ ከዚያ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ያፏጫል፤ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል። ውኃው ሲያልቅ ድምፁ ይጠፋና እርጥቡም እንደ ደረቁ ይነዳል። ያነደደው በውስጡ የነበረ ነገር ሳይሆን የጎረቤቱ ሙቀት ነው።

ምጣድ ጥዳ የምታውቅ ሴት ሁሉ የምታውቀው ሌላ ነገርም አለ። አንድ እርጥብ በሦስት ደረቅ ላይ ቢጫን ይነዳል። ተገልብጦ ሦስት እርጥብ በአንድ ደረቅ ላይ ቢጫን ግን እሳቱ ይታፈንና ይጠፋል። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ አብርሃም ስንደርስ እንመለስበታለን።

በቀድሞው ዘመን ደግሞ ተረቱ ከምድጃ ወጥቶ ሸንጎ ላይ የሚቆምበት ጊዜ ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዓት ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ይመረመራል፤ ወንጀለኛው ካልወጣ ካሣው ለሁሉም ይደለደላል። ምንም የማያውቅ ገበሬ ከሌባው እኩል ይከፍላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዕዳ ከዚህ የተሻለ ተረት አይገኝም።

አሁን ወደ መጽሐፉ። የእርጥብና የደረቅ ምስል በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ሳይለወጥ ይገኛል። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 20 መጨረሻ እግዚአብሔር በደቡብ ዱር ላይ እሳት እንደሚያነድድ፣ እሳቱም የለመለመውንም የደረቀውንም ዛፍ እንደሚበላ ይናገራል። ሰሚዎቹ አልገባቸውም፤ «ይህ በምሳሌ የሚናገር አይደለምን?» ብለው አጉረመረሙ። ነቢዩ በምዕራፍ 21 ፈታላቸው፦ እሳቱ ሰይፍ ነው፤ ዛፎቹ ጻድቁና ኃጢአተኛው ናቸው። ጦር ከተማ ሲገባ በር እያንኳኳ «እዚህ ቤት ጻድቅ አለ?» ብሎ አይጠይቅም። ብዙ አንባቢ የሚያልፈው ቀጥሎ ያለው ነው፤ እግዚአብሔር ነቢዩን በሕዝቡ ፊት ወገቡ እስኪሰበር በምሬት እንዲያቃስት ያዘዋል (21፥6)። ፍርዱን የሚናገረው አፍ እንዲያለቅስም ታዟል።

ይሁንና ያው ሕዝቅኤል ሦስት ምዕራፍ ቀደም ብሎ የተለየ የሚመስል ነገር ተናግሮ ነበር። በእስራኤል ምድር «አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፥ የልጆችም ጥርሶች ጠረሱ» የሚል ተረት ነበር። እግዚአብሔር ይህን ተረት ዳግመኛ እንዳይናገሩት ከለከለ (18፥2-3)። «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» አለ (18፥20)። ታዲያ ምዕራፍ 18 እና ምዕራፍ 21 ይጣላሉ ወይ? አይጣሉም፤ የሚናገሩት ስለ ሁለት ነገር ነው። ምዕራፍ 18 በእግዚአብሔር ፊት ስላለው የበደል ሒሳብ ነው፤ እዚያ የአንዱ ዕዳ በሌላው ስም አይጻፍም። ምዕራፍ 21 ሰይፍ በአንድ ምድር ላይ ሲያልፍ የሚሆነውን ይናገራል፤ እዚያ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ይወድቃል። መከራ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በደል ግን አይተላለፍም። እርጥቡ ቢቃጠልም ደረቅ ሆኖ አልተቆጠረም።

አብርሃም ስለ ሰዶም የቆመው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። «በውኑ ጻድቁን ከኃጢአተኛ ጋር ታጠፋለህን?» ብሎ ጠየቀ (ዘፍጥረት 18፥23)። ከ50 ተነሣ፤ 45፣ 40፣ 30፣ 20 እያለ 10 ላይ ደረሰ። በእያንዳንዱ ቁጥር የተሰጠው መልስ ከተማዋን እንደማያጠፋ የሚናገር ነበር። እዚህ ላይ ነው ያ የምድጃ ልምድ የሚመለሰው፦ እርጥብ በበቂ ከተገኘ እሳትን ሊያፍን ይችላል። ተረታችን የሚያሳየው ደረቁ እርጥቡን ሲያነድ ነው፤ አብርሃም የለመነው እርጥቡ ደረቁን እንዲያተርፍ ነው፤ እግዚአብሔርም ልመናውን አልናቀም። አሥር አልተገኙም። ጥያቄው ግን ድፍረት ተብሎ አልተገሠጸም፤ ለንጹሕ ሰው መከራከር የአባታችን የአብርሃም ጸሎት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሉቃስ ወንጌል 23፥31 ነው። ጌታችን መስቀል ተጭኖበት ወደ ቀራንዮ ሲወሰድ የኢየሩሳሌም ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሱለት ነበር። ዞር ብሎ ለእኔ አታልቅሱ፣ ለራሳችሁና ለልጆቻችሁ አልቅሱ አላቸውና እንዲህ ጨመረ፦ «በእርጥብ እንጨት እንዲህ የሚያደርጉ ከሆኑ፥ በደረቀውስ እንዴት ይሆን?» እርጥቡ እንጨት ራሱ ነው። ደረቁ ፍሬ ያጣችው ከተማ ናት፤ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ70 ሮማውያን ኢየሩሳሌምን አቃጠሉ።

ሉቃስ እርጥብነቱን በስሜት አልተወውም፤ ምስክር ይቆጥራል። ጲላጦስ ጥፋት አላገኘሁበትም ብሎ ሦስት ጊዜ ተናገረ (ቁጥር 4፣ 14 እና 22)። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ እኛ የሚገባንን ነው የተቀበልነው፣ ይህ ግን ምንም ክፉ አላደረገም አለ (ቁጥር 41)። የመቶ አለቃው «ይህ ሰው በእውነት ጻድቅ ነበረ» አለ (ቁጥር 47)። ዳኛው፣ አብሮት የሚሞተውና የገዳዮቹ አለቃ በአንድ ቃል መሰከሩ። ከዚህ በኋላ «በደረቅ ጣጣ እርጥብ ይቃጠላል» የሚለውን ተረት ክርስቲያን እንደ ድሮው ሊሰማው አይችልም። በሰው ሁሉ አበሳ የነደደው እርጥብ እርሱ ነውና። ቅዱስ ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ ኃጢአታችንን በሥጋው «በእንጨት ላይ ተሸከመ» ይላል (2፥24)። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ፦ ምድጃ ውስጥ ያለው እርጥብ ሳይጠየቅ ይገባል፤ እርሱ ወዶ ገባ።

በጣና ዙሪያ ለሚኖር ሰው ይህ ትምህርት ስምና ቦታ አለው። በሐይቁ ላይ ያለው ጣና ቂርቆስ ገዳም የሚጠራበት ቅዱስ ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መኰንኑ ሕፃኑንና እናቱን ቅድስት ኢየሉጣን በፈላ ጋን ሊያስገባቸው ሲል የፍላቱ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ይሰማ ነበር፤ እናቲቱ ፈራች፤ ያጽናናት ሕፃኑ ነው። ቅዱስ ገብርኤል እሳቱን ያቀዘቀዘበት ቀን ሐምሌ 19 ይከበራል። ይህን በዓል የሚያከብር ሁሉ ጥር 15ንም ማስታወስ አለበት፤ ያ ከጋኑ የዳነው ሕፃን በሰማዕትነት ያረፈበት ቀን ነው። ወደ እሳት የተጣሉት ሠለስቱ ደቂቅም መዳን ሁልጊዜ እንደማይሆን ከእቶኑ በፊት ያውቁ ነበር፤ ንጉሡን «ነገር ግን … ባያድነን» ብለው ነው የመለሱት (ዳንኤል 3፥18)።

ጥር 3 ደግሞ ሄሮድስ ያስፈጃቸው የቤተልሔም ሕፃናት ይታሰባሉ። ማቴዎስ ስለ እነርሱ ሲጽፍ ማጽናኛ አልጨመረም፤ ራሔል ስለ ልጆችዋ አለቀሰች፣ «መጽናናትም አልወደደችም፥ የሉምና» አለና አለፈ (2፥18)። ወንጌሉ መጽናናት እንቢ ያለችን እናት አልገሠጸም።

ተረቱ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው «ታዲያ ምን ይደረግ፣ እርጥብም ይቃጠላል» ብሎ ጥፋቱን ማለፍ ነው። ተረቱ የሚሆነውን ተናገረ እንጂ ይሁን አላለም። ኦሪት ዘዳግም 24፥16 ልጆች ስለ አባቶች፣ አባቶችም ስለ ልጆች እንዳይገደሉ ያዝዛል። ደም ለመመለስ የገዳዩን ወንድም የሚፈልግ ሰው ፊት ሽማግሌ «በደረቅ ጣጣ እርጥብ አይቃጠል» ብሎ ሲቆም ተረቱ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው፤ ሕጉም ከሽማግሌው ጋር ነው።

ሁለተኛው ይብሳል፤ የተቃጠለውን እርጥብ «ደረቅ ቢሆን ነው» ማለት። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «እርሱ ወይም ወላጆቹ አልበደሉም» የሚል ነው (ዮሐንስ 9፥3)። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎችም ከሌላው የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ጌታ ተናግሯል (ሉቃስ 13፥4-5)። የኢዮብ ወዳጆች የወደቁት እዚህ ነው። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ መሬት ላይ አብረውት ሲቀመጡ ደኅና ነበሩ (2፥13)። አፋቸውን ሲከፍቱ ተበላሸ፤ በልዳዶስ አሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ለቀበረ አባት ልጆችህ በድለው ይሆናል አለው (8፥4)። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በሦስቱ ወዳጆች ላይ ነው፤ ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ታዘዙ (42፥7-8)።

ልቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ከዚህ የሚወስደው ቀላል ነው። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» በቂ ነው። ይህን ተረት ለሐዘንተኛው ከመናገር መቀመጥ ይሻላል፤ ያረፈው ስለ ምን እንደሞተ ምክንያት ከመፈለግ ውኃ መቅዳት፣ ድንኳን መትከል፣ ሰልስት ድረስ ማደር ይበልጣል። ተረቱን መስማት ያለበት እሳቱን ያነደደው ነው።

በትንቢተ ዘካርያስ 3፥2 «ይህ ከእሳት የተነጠቀ ትንታግ አይደለምን?» የሚል ቃል አለ። ማጀት ውስጥም ይህ ይደረጋል፤ ጭሱ ሲበዛ ወጥ የምትሠራዋ እርጥቡን ፍልጥ ባልተያያዘው ጫፉ ይዛ ትጎትተዋለች፣ አመድ ውስጥ ታጠፋዋለች፣ ከግድግዳ ጋር ታስደግፈዋለች። አንድ ጫፉ ጠቁሯል። ሌላው ገና እርጥብ ነው።