በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል

ይህን አባባል አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ብድር ወይም ስለ ርስት ክርክር ሲነሳ ነው። ያለ ውል ተማምነው የተበዳደሩ ዘመዳሞች ሲካሰሱ፣ ሽማግሌ የሚገሥጻቸው በዚህ ነው። በአንደበት ብቻ የቆየ ነገር ከባለቤቱ ጋር ያልፋል፤ የተጻፈው ለልጅ ይተርፋል ማለት ነው። እኔ ግን አባባሉ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ በሌላው ሀብታችን ላይ ነው፦ በተረቱ፣ በእንቆቅልሹ፣ በለቅሶ ግጥሙ፣ በዘር ቆጠራው።

አነጋገሩ የቤተ ክህነት ትምህርት ጠረን አለው። የቆሎ ተማሪ ሲመሽ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት፣ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያጠናል። እንዲህ ያደገ ሰው የቃልን ብርታትም ድካሙንም ያውቃል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ለዘመናት የተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ ሊቃውንቱም አለቁ። ጦርነቱ ሳያበቃ በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ከፊደሉ በላይ የሚሰፍረውን የዜማ ምልክት እንደሠሩ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል። መምህሩ ሲሞት ዜማው አብሮ እንደሚቀበር በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ሥራ ነው።

የአባባሉን እውነት ከሁሉ በላይ ያሳየችኝ ግን አስቴር ጋኖ ናት። ይህች የኦሮሞ ልጅ ገና በልጅነቷ ለባርነት ተሸጣ ቀይ ባሕርን ልትሻገር ስትል፣ በ1886 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች መርከቡን ይዘው ነጻ አወጧት። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ የራሱም ልጅነት በባርነት ያለፈው፣ የመጽሐፍ ቅዱስ የኦሮምኛ ተርጓሚ ኦኔሲሞስ ነሲብ የቋንቋ ችሎታዋን አስተዋለ። አስቴር 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች። 79ኙ በ1894 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል በታተመው የኦሮምኛ ንባብ መማሪያ ውስጥ ወጡ። እናቷ ቤት የለም፣ የሚያጫውታት አያት የለም፣ ስትሳሳት የሚያርማት ጎረቤት የለም። ያላት ጆሮዋ የያዘው ብቻ ነበር፤ ያንንም ሳይረግፍ ለወረቀት ሰጠችው። በሠራችው ሥራ ልክ ስሟ አለመጠራቱ ያሳዝነኛል።

ታዲያ በቃል ያለ ሁሉ ይረሳል? አይረሳም። ቦረና ሄደን ብንጠይቅ በዚህ አባባል ይሟገቱናል። ጉሚ ጋዮ የሚባለው ታላቅ ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ ይሰበሰባል፤ ሕጉ በሕዝብ ፊት ይነገራል፣ ይመረመራል፣ የሚሻሻለው ይሻሻላል። ታሪክ አዋቂዎች ያለፉትን አባ ገዳዎች በየተራቸው ይጠራሉ። አንዱ ቢዘነጋ ሌላው ያስታውሰዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው የገዳ ሥርዓት ስንት መቶ ዓመት የተሻገረው በዚህ ነው። ስለዚህ አባባሉን የምረዳው እንዲህ ነው፦ ተናጋሪና ሰሚ የሚገናኙበት ጉባኤ እስካለ ድረስ ቃል ይበረታል፤ የሚረሳው ያ መገናኛ ሲፈርስ ነው። አስቴርን የነጠቃት ባርነት ነበር። ዛሬ ደግሞ ልጅ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያድጋል፣ አያት ገጠር ትቀራለች፤ ማታ እሳት ዳር "ተረት ተረት" ስትል "የላም በረት" የሚላት የለም።

እንግዲህ መጻፍ አለብን፤ አጻጻፉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተረት ብቻውን ቢሰበሰብ ግማሹ ይጎድላል። ማን ነገረን? የየት አገር ሰው ነው? ለልጅ ማስተኛ ነው ወይስ ለሽምግልና ሸንጎ? የለቅሶ ግጥም ከሆነ ለማን ተገጠመ? የአያታችንን አነጋገር "እናስተካክል" ብለን የጎጃሙን ወይም የወሎውን ለዛ ወደ ጋዜጣ አማርኛ አንቀይረው። ዜማ ካለው ድምፁን በስልካችን እንቅዳ፤ ቀረርቶና እንጉርጉሮ በፊደል ብቻ አይያዙም። ከቀዳን በኋላ ደግሞ መልሰን እናሰማት፤ ስትሰማው የዘለለችው ስንኝ ትዝ ይላታል፣ ያኔ እሱንም እንጨምርበታለን።